የምድርን ማግኔት ሐዋሳ ላይ መለካት፦ በመርፌ፣ በሽቦና በባትሪ ድንጋይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ ከስዊድን አንድ ኮምፓስ ይዞልኝ መጣ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ አለው፣ መስታወቱም ወፍራም ነው። ሐዋሳ ላይ ስከፍተው ግን መርፌው እንደ ልቡ አልዞር አለ። የደቡብ ጫፉ ወደ ታች አዘንብሎ ወለሉን ይነካል። ተበላሽቷል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ኮምፓሱ ደህና ነበር። ችግሩ ለስዊድን መሠራቱ ነው። እዚያ የምድር ማግኔት የመርፌውን የሰሜን ጫፍ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ሠሪዎቹ ታዲያ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የደቡቡን ጫፍ ትንሽ ያከብዱታል። እኛ ጋ ሲመጣ ያ ጎታች የለም ማለት ይቻላል። የቀረው ክብደቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐዋሳን ማግኔት በገዛ እጄ መለካት ጀመርኩ። አሁን የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ አብረን እንሠራዋለን። አሠራሩን እንዳለ እነግራችኋለሁ። አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ፣ የምንለካው ምንድን ነው?

ምድር ትልቅ ማግኔት ናት። ይህን ሐሳብ በሙከራ አስደግፎ ያቀረበው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1600። በዙሪያችን ያለው የማግኔት ጉልበት፣ ማለትም መግነጢሳዊ መስኩ፣ ሦስት ነገር ይጠየቃል። ወደየት ያመለክታል? ምን ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዘነብላል? ጥንካሬውስ ስንት ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ የእኛ አገር ልዩ ቦታ ላይ ናት። የመግነጢስ ወገብ የሚባል መስመር አለ። እዚያ መስመር ላይ መስኩ ከመሬት ጋር ውሃ ልክ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። መስመሩ ከምናውቀው የምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም። አፍሪካ ላይ ወደ ሰሜን ከፍ ይልና ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ አካባቢ ያቋርጣል። አዲስ አበባ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማግኔት መመዝገቢያ ጣቢያ የኖረው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ጣቢያው የተከፈተው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ በሰማይ ላይ፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። የዓለም ሳይንቲስቶች እሱን ለማጥናት የእኛን ሰማይ ይፈልጉታል።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላ ናት። ስለዚህ መስኩ እዚህ በጣም ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ይላል። ጥንካሬው ወደ 36 ማይክሮቴስላ (የማግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ) ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። መጨረሻ ላይ በሽቦ ጥቅል የምንደርስበት እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የስፌት መርፌ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ቤቶች ብትጠይቁ ታገኛላችሁ። እኔ ሰፈር ያሉት ጋሼ ልጆቹ ለትምህርት እንደሚፈልጉት ሲሰሙ ገንዘብም አልተቀበሉ። ከዚያው ቤት 4.7 ኦም እና 10 ኦም ሬዚስተር ግዙ፤ አንድ ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን፣ ትንንሾቹ ይግላሉ። የሞተር ሽቦ ከሚጠመጥሙ ቤቶች ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ 14 ሜትር ያህል። ትልቁ የባትሪ ድንጋይ አንድ። ባዶ የፕላስቲክ የቀለም ባልዲ፣ አፉ ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ። ፕሮትራክተር፣ ማስመሪያ፣ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ሻማ። አንድ ዘለላ ስንደዶ። አዎ፣ ሰፌድ የሚሰፋበት ስንደዶ፤ ጥቅሙን ቆይታችሁ ታያላችሁ። መልቲሜትርም ያስፈልጋል። መግዛት ካልቻላችሁ ለሁለት ሰዓት ተዋሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማግኔቱን ከኤቲኤም ካርድና ከስልክ አርቁ። ትንንሽ ማግኔቶች ቤት ካሉ ደግሞ ሕፃናት እጅ እንዳይገቡ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል፣ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ደረጃ 1፦ መርፌውን ማግኔት ማድረግ

የስፒከር ማግኔት ቀለበት ነው። ዋልታዎቹ ያሉት በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶቹ ላይ ነው። መርፌውን ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ያዙት። የማግኔቱን አንድ ፊት መርፌው መሐል ላይ አሳርፉና ወደ ሹሉ ጫፍ ሳቡት። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ከፍ አድርጋችሁ፣ በአየር ላይ አዙራችሁ ወደ መሐል ተመለሱ። መርፌው ላይ ወደ ኋላ አትጎትቱ። እንዲህ ሃያ ጊዜ። ከዚያ ማግኔቱን ገልብጡና በሌላኛው ፊት ከመሐል ወደ ቀዳዳው ጫፍ ሃያ ጊዜ ሳቡ።

ብዙ ሰው በአንድ ዋልታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስባል። እሱም ይሠራል። ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች መሳብ ግን መርፌውን እኩል ያደርገዋል።

ምን እየሆነ ነው? ብረት ውስጥ በጣም ጥቃቅን ሠፈሮች አሉ። እያንዳንዱ ሠፈር ራሱን የቻለ ማግኔት ነው፤ ግን ሁሉም በየፊናው ስለሚያመለክት እርስ በርሱ ይጣፋል። ስትስቡት አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። የመርፌ ብረት ጠንካራ ስለሆነ እንደዞሩ ይቀራሉ። ለስላሳ ሽቦ ወይም ርካሽ ምስማር ብትጠቀሙ ግን ቶሎ ይለቃል። መርፌውን ከሰል ላይ ቀይ እስኪሆን ብታግሉትም ያው ነው፤ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔትነቱን ያጣል።

ደረጃ 2፦ ማንጠልጠል

ወፍራም ክር አይሆንም። ጥምዝ ስለሆነ ራሱን ሲፈታ መርፌውን ያዞረዋል፤ እናንተም የምድር ማግኔት ነው ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ከአሮጌ ናይለን ካልሲ አንድ ቀጭን ክር ምዘዙ። ሐር ካላችሁ ይበልጥ ጥሩ።

የስንደዶውን ዘንግ 14 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። መርፌውን መሐሉ ላይ በርዝመቱ ለጥፉት፤ ጠብታ የሻማ ሰም ይበቃል። አሁን ረጅም ጠቋሚ አገኛችሁ። ሁለት ዲግሪ በአራት ሴንቲ ሜትር መርፌ ላይ በዓይን አይለይም። በስንደዶው ጫፍ ላይ ግን ይታያል። ክሩን መሐል ላይ እሰሩና ውሃ ልክ እስኪሆን ወዲህ ወዲያ እያላችሁ አስተካክሉት።

ሲረጋጋ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይቆማል። የትኛው ጫፍ ሰሜን እንደሆነ ለማወቅ ጠዋት ፀሐይ የወጣችበትን በቀኝ እጃችሁ አድርጉ፤ ፊታችሁ ሰሜን ነው። የመርፌው ሹል ጫፍ ነው ወይስ ቀዳዳው? ማስታወሻ ላይ ጻፉት።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እንዳትሠሩ። «መርፌዬ ውሃ ልክ ቆመ፣ ስለዚህ የመግነጢስ ወገብ ላይ ነኝ» አትበሉ። ክሩ መርፌውን የያዘው ከክብደቱ ማዕከል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ስበት ራሱ ወደ ውሃ ልክ ይመልሰዋል። እንዲህ የተንጠለጠለ መርፌ አቅጣጫን በደንብ ይናገራል፤ ማዘንበልን ግን ይደብቃል። ማዘንበሉን በሌላ መንገድ እንለካለን።

ደረጃ 3፦ ቦታ መምረጥ

ከሁሉም በላይ ሥራውን የሚያበላሸው ቦታ ነው። የኮንክሪት ወለል ውስጥ ፌሮ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የብረት በር፣ የብረት አልጋ፣ አጠገብ የቆመ ባጃጅ፣ ሁሉም መርፌውን ይስቡታል። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ልጆቹ ብስክሌታቸውን ይዘው ሲመጡ ሃያ እርምጃ ርቃችሁ አቁሙ በሏቸው።

እኛ የምንሠራው ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ትንሽ ራቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ዓሣ ገበያው መሐል አይሆንም። ሰው ይበዛል፣ አባ ኮዳውም ስንደዶውን ምግብ መስሎት ይመጣል። በጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳና መርፌው አይረጋም።

ቦታው ንጹሕ መሆኑን የምታውቁበት ጥሩ ዘዴ አለ። መርፌውን ትንሽ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁትና ሲወዛወዝ አሥር ሙሉ ውዝዋዜ ቁጠሩ፤ ሰዓቱን ያዙ። ከዚያ አምስት እርምጃ ሄዳችሁ ድገሙት። ውዝዋዜው የሚፈጥነው መስኩ ሲጠነክር ነው፤ የሚዘገየው ሲደክም። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ካልተለዋወጠ ሜዳው ደህና ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። ሜዳ ላይ 40 ሰከንድ ከፈጀና ቤት ውስጥ 44 ከፈጀ፣ 40ን ለ44 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ አባዙት። 0.83 ይመጣል። ቤታችሁ ውስጥ ያለው አግድም መስክ የሜዳው 83 ከመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረውን ያዛባው ብረታችሁ ነው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ከ200 ዓመት በፊት ደቡብ አሜሪካን ሲዞር መስኩን ያወዳደረው በዚህ ዘዴ ነበር። መርፌና ሰዓት ብቻ ይዞ።

ደረጃ 4፦ እውነተኛውን ሰሜን ማግኘት

መርፌው የሚያሳየው የማግኔት ሰሜን ነው። እውነተኛውን ሰሜን የምታሳየን ፀሐይ ናት።

አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በትንሽ ድንጋይ ምልክት አድርጉ። ከእንጨቱ ሥር እስከ ምልክቱ ድረስ ሲባጎ ለክታችሁ ክብ አስምሩ። ጥላው እያጠረ ሄዶ፣ ከቀትር በኋላ እንደገና ይረዝማል። ጫፉ ክቡን ሲነካ ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅ–ምዕራብ ነው፤ ለእሱ ቀጥ ያለ መስመር ሰሜን–ደቡብ ይሆናል።

ሁለተኛው ምልክት ስንት ሰዓት ይሆናል? ሐዋሳ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ትንሽ እንዘገያለን። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ምልክት ካደረጋችሁ፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ50 አካባቢ ተመልሳችሁ ጠብቁ። እንደ ወሩ እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል። ሌላው፣ በሰኔ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ስለሆነች የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። መጋቢት መጨረሻና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ቀትር ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ዘዴው ግን በሁሉም ወር ይሠራል፤ የምንጠቀመው የጠዋትና የከሰዓቱን ጥላ ነውና።

ነፋስ ረግቶ ሲገኝ ስንደዶውን በሰሜን–ደቡብ መስመሩ ላይ አንጠልጥሉ። ከመስመሩ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ዲግሪ ፈቀቅ ሊል ይገባል። ከዚያ መርፌውን ከነስንደዶው ገልብጣችሁ፣ የታችኛውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ። መርፌው በስንደዶው ላይ ትንሽ ጠሞ ከተለጠፈ፣ የሁለቱ ንባብ አማካይ ጥመቱን ያጠፋዋል።

ደረጃ 5፦ የሽቦ ጥቅል መሥራት

እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህኛው ክፍል ስል ነው። የምድርን ጉልበት እናንተ ራሳችሁ ከሠራችሁት ማግኔት ጋር ታታግሉታላችሁ። የእናንተውን ጉልበት በሒሳብ ስለምታውቁት የምድርም ይገለጣል።

በ1820 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌን እንደሚያዞር አየ። ሽቦው በክብ ከተጠመጠመ መሐሉ ላይ የሚፈጠረው መስክ በቀላል ቀመር ይገኛል። የዙሩን ቁጥር በአምፔሩ አባዙ፤ በ0.628 አባዙ፤ ለክቡ ራዲየስ በሜትር አካፍሉ። ውጤቱ በማይክሮቴስላ ነው።

የባልዲውን የብረት እጀታ አውጡና ጣሉ። ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከባልዲው አፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቁረጡ። በቀለበቱ ዙሪያ ሽቦውን ሃያ ዙር ጠምጥሙ፤ ዙሮቹ ተጠጋግተው ይሁኑ፤ እየቆጠራችሁ፣ ድምፅ እያወጣችሁ። አንዴ አሥራ ዘጠኝ ጠምጥመን አንድ ሰዓት ሙሉ ስህተቱን ስንፈልግ ውለናል። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች እርስ በርስ ግመዷቸው፤ ያኔ የሚያስከትሉት መስክ ይጣፋል። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፤ ቫርኒሹ ካልተነሳ ኮረንቲ አያልፍም።

የጥቅሉን ስፋት በማስመሪያ በሦስት አቅጣጫ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ባልዲ ሲቆረጥ ክብነቱን ይስታል። ሁለት ሚሊ ሜትር የራዲየስ ስህተት መልሱን ሁለት ከመቶ ያዛባዋል።

ቀለበቱን በጠርዙ አቁሙት፤ በካርቶን ደግፉት። ከላይኛው ጠርዝ ላይ ስንደዶውን በክሩ አንጠልጥሉት፤ መርፌው በትክክል የቀለበቱ መሐል ላይ ይዋል። ከሥሩ፣ ሳይነካው፣ የዲግሪ ክብ የተሣለበት ካርቶን አኑሩ።

ደረጃ 6፦ መለካት

ኮረንቲ ሳይኖር መርፌው ይረጋ። ከዚያ ቀለበቱን አዙሩና ሽቦው ከስንደዶው ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርጉ። ከላይ ስታዩት ስንደዶው ከሽቦው ጥቅል መሐል ወጥቶ መታየት የለበትም። የዲግሪውን ክብ ዜሮ ከጫፉ ጋር አስተካክሉ።

ባትሪ ድንጋዩን፣ 4.7 ኦሙን ሬዚስተርና መልቲሜትሩን ከጥቅሉ ጋር በአንድ መስመር አያይዙ። መልቲሜትሩ 10 አምፔር ላይ ይሁን፣ ቀዩም ገመድ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ይግባ። ሲጨርሱ ወደ ቦታው መመለስ እንዳትረሱ፤ በዚያው ቮልት ልለካ ያለ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል። ባትሪ ድንጋዩም መልቲሜትሩም ከጥቅሉ አንድ ሜትር ይራቁ። የባትሪው ሽፋን ብረት ነው። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ይዛችሁ አጎንብሳችሁ አታንብቡ፤ የስልክ ስፒከር ማግኔት አለው። የግድግዳ ሶኬት ኮረንቲ በጭራሽ አትጠቀሙ።

ኮረንቲውን አገናኙ። መርፌው ዘወር ብሎ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይረጋል። አምፔሩንና ዲግሪውን ጻፉ፤ ወዲያው አለያዩት። አሁን የባትሪውን ሁለት ጫፎች አቀያይሩ። መርፌው በተቃራኒው ይዞራል። ይህንንም ጻፉ። ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ካልሆኑ ቀለበቱ ትንሽ ጠሞ ነበር፤ አማካዩን ውሰዱ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.1 ሜትር ነው። ዙሩ 20። ንባቡ 0.25 አምፔር ነው እንበል። የጥቅሉ መስክ 20 ሲባዛ በ0.25፣ ሲባዛ በ0.628፣ ሲካፈል ለ0.1፤ 31.4 ማይክሮቴስላ ይሆናል። መርፌው በአንድ በኩል 40፣ በሌላው 42 ዲግሪ ዞረ፤ አማካዩ 41። የስልካችሁን ካልኩሌተር አጋድማችሁ ያዙትና የ41ን ታንጀንት ጠይቁት፤ 0.869 ይላል። 31.4ን ለ0.869 አካፍሉ። 36.1 ማይክሮቴስላ። ይኸው የምድር ማግኔት።

ለምን ይካፈላል? መርፌው መሐል የቆመው ሁለት ጎታች ስላለው ነው። አንዱ ምድር ናት፣ ወደ ሰሜን ትስበዋለች። ሌላው ጥቅሉ ነው፣ ወደ ጎን ይስበዋል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ መርፌው ልክ 45 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በእኛ ጥቅል ይህ የሚሆነው 0.29 አምፔር አካባቢ ነው።

አንድ ንባብ አይበቃም። ሬዚስተሩን በ10 ኦም ቀይሩት፤ ማዕዘኑ ወደ 24 ወይም 25 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለቱን ሬዚስተር ጎን ለጎን አያይዙ፤ ወደ 50 ይጠጋል። አንዱን ከሌላው ቀጥላችሁ በተርታ አያይዙ፤ ከ20 በታች ይሆናል። አራቱም ተሰልተው የሚሰጡት ቁጥር መቀራረብ አለበት። ካልተቀራረቡ የቅርብ ብረት ፈልጉ። ይበልጥ የምተማመነው በ45 ዲግሪ አካባቢ ባለው ንባብ ነው። እዚያ የአንድ ዲግሪ የዓይን ስህተት መልሱን 3.5 ከመቶ ብቻ ይለውጠዋል። ወደ 10 ወይም ወደ 80 ዲግሪ ስትሄዱ ግን ያው አንድ ዲግሪ አሥር ከመቶ ያህል ያስከፍላችኋል።

ልጆቹ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ለንደን ውስጥስ ብንሠራው?» እዚያ ጠቅላላው መስክ ከእኛ ይበልጣል፤ ግን አብዛኛው ወደ መሬት ይጠልቃል። አግድም የቀረው ወደ 20 ማይክሮቴስላ ብቻ ነው። ያው ጥቅል፣ ያው 0.25 አምፔር፣ መርፌውን ከ57 ዲግሪ በላይ ያዞረዋል። የሐዋሳ መርፌ ወደ ሰሜን የሚሳበው የለንደኑን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል በማይቀረው ጉልበት ነው።

ደረጃ 7፦ ማዘንበሉን በስልክ መያዝ

ብዙ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ የማግኔት መለኪያ አለ። በጣም ርካሾቹ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ሦስት ቁጥር ለየብቻ የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ አውርዱ። የሚያስፈልገን ከስክሪኑ ወደ ላይ የሚለካው ሦስተኛው ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። ስልኩ ውስጥ ያለው ብረትና ማግኔት ይጨመርበታል። ግን ማታለያ አለ። ስልኩን ውሃ ልክ በሆነ ጣውላ ላይ፣ ምስማር በሌለው፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። ወዲያው ገልብጡትና ስክሪኑን ወደ ታች አድርጋችሁ አንብቡ፤ ጣውላውን ጠርዝ ላይ ብታወጡት ከሥር ሆናችሁ ታዩታላችሁ፣ ወይም ስክሪኑን የሚቀርጽ መተግበሪያ ክፈቱ። ስልኩ ሲገለበጥ የራሱ ማግኔት አብሮት ይገለበጣል፤ የምድር ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሳችሁ ለሁለት ስታካፍሉ የስልኩ ድርሻ ይጠፋል። ለምሳሌ 5.0 እና 1.2 ካነበባችሁ፣ ልዩነቱ 3.8፣ ግማሹ 1.9 ማይክሮቴስላ ነው። ለ36 ብታካፍሉት 0.053 ይመጣል፤ ይህ የሦስት ዲግሪ ታንጀንት ያህል ነው፤ ሦስት ዲግሪ የሚሆን ቀና ማለት ነው። ስልኮች መሐል ላይ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ ፈጠን ብላችሁ ስድስት ሰባት ጊዜ ገልብጡና አማካዩን ያዙ።

ሐይቁ ዳር እያላችሁ፦ ጥቁር አሸዋ

ይህኛው ፋታ ስትወስዱ የሚሠራ ነው። የስፒከሩን ማግኔት ፌስታል ውስጥ አድርጉና ደረቁን አሸዋ ዳሱበት። ጥቁር ፍሬዎች ይለጠፋሉ። ፌስታሉን ወረቀት ላይ ይዛችሁ ማግኔቱን ከውስጥ ስታወጡ ይረግፋሉ። ያለ ፌስታል ከነካችሁት ከማግኔቱ ላይ ለማስለቀቅ ቀኑ ይመሽባችኋል።

ፍሬዎቹ በአብዛኛው ማግኔታይት ናቸው፤ ብረትና ኦክስጅን። ሐዋሳ ያለችው በትልቅ የእሳተ ገሞራ ድስት ውስጥ ነው፤ አሸዋውም ከዚያ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ፣ ማግኔታይቱ ከ580 ዲግሪ ሲወርድ፣ የዚያን ቀን የምድር ማግኔት የሚያመለክትበትን አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ሳይንቲስቶች የምድር ሰሜንና ደቡብ ዋልታ እንደሚለዋወጡ ያወቁት ከእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ነው። የመጨረሻው መገለባበጥ ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። በስምጥ ሸለቆው ከዚያ የሚያረጁ ድንጋዮች ስላሉ፣ መርፌ ወደ ደቡብ ያመለክት የነበረበትን ዘመን የያዘ ድንጋይ ልትረግጡ ትችላላችሁ።

በዚህ ምክንያት ጥቁር ድንጋይ ላይ አትለኩ። ስንደዶውን ወደ ድንጋዩ አስጠጉና ፈቀቅ ካለ ቦታ ቀይሩ።

ማስታወሻችሁ

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የዙር ቁጥር፣ ራዲየስ፣ አምፔር፣ የግራና የቀኝ ዲግሪ። እያንዳንዱን ንባብ እንዳያችሁት ጻፉ፤ «ይህማ ስህተት ነው» ብላችሁ አትሰርዙ። ከጎኑ ምክንያቱን ጻፉ።

ወደ ደቡብ ጉዞ ካላችሁ ስልኩን የመገልበጡን ዘዴ ይዛችሁ ሂዱ። ዲላ ላይ፣ ያቤሎ ላይ፣ ሞያሌ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ለኩ። ከአውቶቡሱ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ራቁ። ወደ ላይ ያለው ቁጥር በየከተማው ማደግ አለበት፤ ሞያሌ ላይ ከሐዋሳው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይገባል። ወደ መቀሌ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ እሱንም አስተምሩትና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ከየትኛው ከተማ በኋላ እንደሆነ ይደውልላችሁ። የመግነጢስ ወገቡን የተሻገረው እዚያ ነው።

የስዊድኑ ኮምፓስ አሁን ከመሳቢያው ወጥቷል። ውጤታችንን ከጨረስን በኋላ ልጆቹ ያዘነበለውን ጫፍ እያዩ ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ።